በጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ፈለግ የሚደረግ የኢየሩሳሌም የእግር ጉብኝት፦ ጥሩ አስጎብኚ፣ ጎደሎ ታሪክ

ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ጎልጎታን፣ በጎልጎታ ጣሪያ ላይ ያለውን የኢትዮጵያውያን ገዳም ዴር ሱልጣንን፣ ቤተ ልሔምንና ዮርዳኖስን ተሳልሞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጊዜው አጭር ስለሆነ በዚህ የሚያማርር የለም። ጥቂት ሰዓታት የተረፉት ሰው ግን ከአገራችን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ሌላ መንገድ እዚያው ከተማ ውስጥ ያገኛል፤ ይኸውም የኢየሩሳሌም ሁለተኛው አንግሊካን ጳጳስ የነበሩት የሳሙኤል ጎባት መንገድ ነው። እኔ የተሳተፍኩበት ጉብኝት ከያፋ በር ተነሥቶ በጽዮን ተራራ ላይ በሚገኘው የፕሮቴስታንቶች መካነ መቃብር የሚያበቃ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ሲሆን፣ ማብራሪያው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ግምገማዬ በጉብኝቱ ይዘት ላይ ስለሚያተኩር የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ማረፊያ ከዳዊት ግንብ ፊት ለፊት የሚገኘው ክራይስት ቸርች የተባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። አስጎብኚያችን በዚህ ስፍራ ያደረጉት ገለጻ ከጉብኝቱ ሁሉ የላቀው ክፍል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የኦቶማን መንግሥት አዲስ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ ፈቃድ ለመስጠት ባለመፈለጉ ሕንፃው በወረቀት ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ የግል ጸሎት ቤት ሆኖ መቅረቡን፣ ከቆንስላው ግቢ ጋር ተያይዞ የተሠራውም በዚሁ ምክንያት መሆኑን፣ ጎባትም ጥር 21 ቀን 1849 ቡራኬ ሰጥተው እንደከፈቱት በግልጽና ሳይቸኩሉ አስረዱን። ከዚያም ወደ ውስጥ አስገብተው ከመንበሩ በስተ ጀርባ በቆመው የእንጨት ሥራ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ቀርበን እንድናይ አደረጉ። አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖትና ዐሠርቱ ትእዛዛት የተጻፉት በዕብራይስጥ ፊደል ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው የእንግሊዝ ሚሲዮናዊ ማኅበር የተቋቋመው በመጀመሪያ ለአይሁድ ለመስበክ ስለነበረ ቤቱ ለአይሁድ ዓይን እንግዳ እንዳይሆን ታስቦበታል። በሥዕልና በመጋረጃ በተሞላ ቤተ ክርስቲያን ላደገ ሰው ባዶ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ባዶነት ውስጥ ያለው ሐሳብ ሲገለጽለት ቤቱን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል።

በግቢው ውስጥ ያለችው አነስተኛ ቤተ መዘክር በ1846 ወደ ኢየሩሳሌም የመጣው ጀርመናዊው ኮንራድ ሺክ የሠራቸውን የቤተ መቅደሱን ተራራ የሚያሳዩ የእንጨት ሞዴሎች ይዛለች። ሞዴሎቹ እጅግ የሚያምሩ ቢሆኑም ከጳጳሱ ሕይወት ጋር ያላቸው ግንኙነት ሩቅ ስለሆነ አስጎብኚያችን ብዙ ሳይቆዩባቸው ማለፋቸው ተገቢ ነበር።

መንበረ ጵጵስናው እንዴት እንደተፈጠረ የተሰጠው ማብራሪያም ምስጋና ይገባዋል። በ1841 የእንግሊዝና የፕሩስያ መንግሥታት በኢየሩሳሌም አንድ የጋራ ጳጳስ ለማስቀመጥ ተስማሙ፤ ሁለቱ ዘውዶች ዕጩውን በየተራ እንዲያቀርቡ፣ ሹመቱ ግን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲፈጸም ተወሰነ። የመጀመሪያው ተሿሚ በፖዘን የተወለዱትና ቀድሞ የአይሁድ ረቢ የነበሩት ማይክል ሰለሞን አሌክሳንደር ነበሩ። በ1842 መጀመሪያ ኢየሩሳሌም ገብተው በ1845 በግብፅ በረሃ ሲጓዙ በድንገት ሞቱ። ተራው የፕሩስያ ስለነበረ ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም 4ኛ ሳሙኤል ጎባትን ዕጩ አድርገው አቀረቡ፤ ጎባትም ሐምሌ 5 ቀን 1846 ለንደን ውስጥ በላምቤት ተሹመው በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ኢየሩሳሌም መጡ። በፈረንሳይኛ አፉን የፈታ ስዊዘርላንዳዊ በጀርመን ንጉሥ ታጭቶ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተሹሞ በቱርክ ግዛት ጳጳስ ሆነ። አስጎብኚያችን ይህን ውስብስብ ጉዳይ ማንም ሊከተለው በሚችል መንገድ አቀረቡት።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የፕሩስያ ንጉሥ ከብዙ ቀሳውስት መካከል ይህን ሰው የመረጡት ለምንድን ነው? አስጎብኚያችን የሰጡት መልስ «የምሥራቅ ልምድ ስለነበራቸው» የሚል ብቻ ነበር። ከቡድናችን አንዲት በዕድሜ የገፉ ተሳላሚ እናት ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እስቲ ጠይቅልኝ፤ እኒህ ጳጳስ የኛን አገር ያውቁታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ መቼ ሄደው ምን ሠሩ?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን አስተረጎምኩ። መልሱም በወጣትነታቸው ጥቂት ጊዜ በአቢሲንያ ሚሲዮናዊ እንደነበሩ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። እናታችን «ጥቂት ማለት ምን ያህል ነው?» ብለው ቢያስጠይቁም ቡድኑ ወደሚቀጥለው ማረፊያ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

ያ ጥቂት ጊዜ የተባለው የሰውዬውን ሕይወት የቀረጸው ዘመን ነው። ጎባት በ1799 በስዊዘርላንድ በርን ግዛት ክሬሚን በምትባል መንደር ተወልደው በባዝል ሚሲዮን ከተማሩ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ማኅበር በተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ሥር ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ተመደቡ። መንገዱ እስኪከፈት ግብፅ ውስጥ ለዓመታት ጠበቁ። በመጨረሻ ከባልደረባቸው ከክርስቲያን ኩግለር ጋር በምጽዋ በኩል ገብተው ትግራይ ሲደርሱ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደስታ ተቀበሏቸው። በ1830 ጎባት ብቻቸውን ወደ ጎንደር ወጡ። ጓዛቸው ውስጥ ዋናው ዕቃ በአማርኛ የታተመ ወንጌል ነበር፤ ይኸውም ካይሮ ውስጥ በኖሩት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በአባ አብርሃም ተተርጉሞ፣ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን ገዝቶ ያሳተመው ነው።

ጎንደር በዚያን ጊዜ የዘመነ መሳፍንት ጎንደር ናት። ንጉሡ ስም እንጂ ሥልጣን የላቸውም፤ ካህናቱ በተዋሕዶ፣ በቅባትና በጸጋ ልጅነት ትምህርት ተከፋፍለው ይከራከራሉ፤ ክርክሩን የሚዳኝ ጳጳስም በአገሪቱ አልነበረም። ወደ ፊት ጳጳስ የሚሆነው ሰው ጳጳስ አልባ በሆነች ከተማ ከእጨጌ ፊልጶስና ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ስለ ክርስቶስ ባሕርይ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ሲጠየቅና ሲመልስ ሰነበተ። ጎባት የጻፉት የቀን ማስታወሻ በ1834 ለንደን ውስጥ ታትሟል፤ በየገጹ የሚታየውም ስልታቸው አንድ ዓይነት ነው። ሰው አስቸጋሪ ጥያቄ ሲያነሣባቸው ከየትኛውም ወገን ሳይቆሙ መጽሐፉን ገልጠው «ይህ ምን ይላል?» ብለው ይመልሱለታል። ጠያቂው በራሱ ቋንቋ የተጻፈውን በራሱ ዓይን እንዲያነብ ማድረግ የሙሉ ዕድሜያቸው ሥራ ሆኖ ቀርቷል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በኋላ በኢየሩሳሌም ያስወደሳቸውም ያስወቀሳቸውም ይኸው የጎንደር ልማድ ነው።

የሚሲዮኑ ፍጻሜ ግን አሳዛኝ ነበር። ኩግለር የገዛ ጠመንጃው ፈንድቶ ባደረሰበት ቁስል በ1830 መጨረሻ ዐድዋ ላይ ሞተ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በየካቲት 1831፣ ሰባጋዲስ ከራስ ማርዬ ጋር በደብረ ዓባይ ባደረጉት ጦርነት ተማርከው ተገደሉ፤ ማርዬም በዚያው ጦርነት ወደቁ። ጠባቂያቸውን ያጡት ጎባት በሁከቱ ጊዜ ገመድ ካልተያዘ በማይወጣበት በደብረ ዳሞ ተጠግተው ኖሩ። ከዚያ ወጥተው ወደ አውሮፓ ከተመለሱ በኋላ በ1834 ማሪያ ጼለርን አገቡ፤ የሙሽራይቱ አባት በራይን ወንዝ ዳር ቦይገን በተባለ ስፍራ የድሆችን ልጆች የሚያስተምርና መምህራንን የሚያሠለጥን ተቋም ይመሩ ነበር። በ1835 ባልና ሚስት ከሚሲዮናዊው ኢዘንበርግ ጋር ዐድዋ ገቡ፤ ጎባት ግን በሕመም አልጋ ላይ ስለ ዋሉ በ1836 አገሪቱን ለቀው ወጡ። ተመልሰው ኢትዮጵያን አላዩዋትም።

አስጎብኚው ይህን ታሪክ ቢያውቁት ኖሮ ሁለተኛው ማረፊያ የተሻለ ትርጉም ያገኝ ነበር። ከክራይስት ቸርች ተነሥተን በአርመን ሠፈር በኩል አልፈን፣ በጽዮን በር ወጥተን በጽዮን ተራራ ቁልቁለት ላይ ወደሚገኘው የቀድሞው የጳጳስ ጎባት ትምህርት ቤት ደረስን። ትምህርት ቤቱ የተጀመረው ጎባት ኢየሩሳሌም በገቡ ማግስት፣ በ1847 ሲሆን፣ ወደዚህ ተራራ የተዛወረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሕንፃው ዛሬ የኢየሩሳሌም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይባላል። በ1870ዎቹ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ በግቢው ሥር ቆፍሮ፣ ሕንፃው የቆመበት ቋጥኝ ተጠርቦ ለጥንቱ የከተማ ቅጥር መሠረት የሆነ መሆኑን አሳይቷል። የተጠረበውን ቋጥኝ ቀርቦ ማየት ይቻላል፤ የመሣሪያው ምልክት አሁንም ይታያል፤ አስጎብኚያችንም እጃችንን በድንጋዩ ላይ አሳርፈን እንድንዳስስ ጋበዙን። የአርኪዮሎጂ ፍቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። የዐለቱ ታሪክ ግን ረጅም ጊዜ ወስዶ የትምህርት ቤቱ ታሪክ በጥቂት ቃላት ተጠናቀቀ።

ጳጳሱ ሕይወታቸውን ያዋሉት በትምህርት ቤቶች ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አሌክሳንደር በአይሁድ መካከል በሚደረገው ስብከት ላይ ሲያተኩሩ፣ ጎባት ዓይናቸውን በአረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ላይ ጣሉ። በናብሉስ፣ በናዝሬትና በሌሎችም ከተሞች መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ከፈቱ። ከጀርመን አገር ካይዘርስቨርት ዲያቆናዊት እኅቶችን ጋብዘው በ1851 የሕሙማን ማረፊያና የልጃገረዶች ትምህርት በኢየሩሳሌም አስጀመሩ። በ1871 በናዝሬት ቤተ ክርስቲያን ቀድሰው ሲከፍቱ፣ ሚካኤል ካዋርና ሴራፊም ቡታጂ የተባሉ ሁለት የአገሩ ልጆችን በክህነት ሾሙ፤ ዛሬ በፍልስጤም ያለው አረብኛ ተናጋሪ አንግሊካን ማኅበረ ምእመናን ሥሩ ወደዚያ ዘመን ይደርሳል።

ይህ ሥራ ግን የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጆችን መንጠቅ ነው የሚል ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ጉብኝቱ ይህን ማለፉ ትልቅ ጉድለት ነው። መንበሩ ሲቋቋም አዲሱ ጳጳስ ከጥንታውያኑ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንን እንዳይወስድ ታስቦ ነበር። ጎባት የሚከራከሩት ማንንም አልጋበዝኩም፣ መጽሐፉን አንብቦ ወደ እኔ የመጣውን ግን በሩን ዘግቼ አልመልስም በማለት ነበር። በ1853 ከአንድ ሺህ በላይ የእንግሊዝ ቀሳውስት ለምሥራቅ ፓትርያርኮች በላኩት ደብዳቤ ጳጳሱ የሚያደርጉትን እንደማይቀበሉ አስታወቁ፤ የካንተርበሪ፣ የዮርክ፣ የአርማና የደብሊን ሊቃነ ጳጳሳት ደግሞ ጎባትን ደግፈው ጻፉ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደመሆኔ ልቤ ወደ ተቃዋሚዎቹ ማዘንበሉን አልደብቅም። ቢሆንም ልጅ ማንበብ በማይማርበት መንደር ትምህርት ቤት የከፈተን ሰው በነጣቂነት ብቻ ማስታወስም ፍርደ ገምድልነት ነው። ጎብኚው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ራሱ ይመዝን ዘንድ ማቅረብ የአስጎብኚ ግዴታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የቆጨኝ የጋፋት ነገር ነው። ጎባት ወደ ኢትዮጵያ ባይመለሱም ከጽዮን ተራራ ሆነው እጃቸውን ከአገሪቱ አላነሡም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሥልጣን በያዙበት በ1855 ሚሲዮናውያኑን ክራፕፍንና ፍላድን ልከው የንጉሡን ፈቃድ አስጠየቁ። በባዝል አጠገብ ባለው በቅድስት ክሪሾና ተቋም የሠለጠኑ፣ ወንጌል ከመስበክ ጋር በእጃቸው ሙያ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ወጣቶች ከ1856 ጀምሮ መግባት ጀመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስብከቱ ይልቅ ሙያውን ፈለጉ፤ በኋላም በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስፍረው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተሠራው ወንጌል ይዘው በመጡት በእነዚህ የጎባት መልእክተኞችና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው እጅ ነው። ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሞ ይገኛል፤ አምሳያው አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ፍላድ በ1866 የንጉሡን ደብዳቤ ይዞ ወደ እንግሊዝ ሲላክ ሚስቱ ጳውሊን ከልጆቿ ጋር በመያዣነት ቀርታለች፤ እሷም ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቷ በፊት ጎባት ወደ ኢየሩሳሌም ካስመጧቸው ዲያቆናዊት እኅቶች አንዷ ነበረች። ከ1868ቱ የመቅደላ ጦርነት በኋላ ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያንና የጋፋት ባለሙያዎች ነፃ ወጥተው ተበተኑ። በጎባት ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆመን የሴባስቶፖል ስም ሳይነሣ መቅረቱ፣ በተለይ ግማሹ ቡድን ኢትዮጵያዊ በሆነበት ቀን፣ ለማመን ያስቸግራል።

የመንገዱ አቅጣጫም ሊታረም ይገባዋል። ጉብኝቱ ዴር ሱልጣንን አያካትትም። ሆኖም ጎባት በ1838 በደረሰው ወረርሽኝ የተመናመኑት የኢትዮጵያ መነኮሳት ከግብፃውያን መነኮሳት ጋር በገዳሙ ቁልፍ ሲጣሉ ከመነኮሳቱ ጎን ቆመው ከእንግሊዙ ቆንስል ከጄምስ ፊን ጋር ጉዳዩን ይከታተሉ ነበር። ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤም ለኢየሩሳሌሙ ማኅበራቸው ጥበቃ እንዲደረግለት ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈዋል። ከያፋ በር እስከ ጎልጎታ ጣሪያ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ከዐለቱ ገለጻ ሩብ ሰዓት ቀንሶ ለዚህ ማዋል ይቻላል።

የመጨረሻው ማረፊያ መካነ መቃብሩ ነው። ጎባት ግንቦት 11 ቀን 1879 አርፈው እዚህ ተቀበሩ፤ ባለቤታቸው ማሪያም በዚያው ዓመት ተከተሏቸው። በዚሁ ስፍራ አሌክሳንደር፣ ኮንራድ ሺክ፣ የግብፅ ቅርሶች አጥኚው ፍሊንደርስ ፔትሪም ያርፋሉ። አስጎብኚያችን በፔትሪ መቃብር ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ራሱ ተቆርጦ ወደ ለንደን መላኩን ሲያወሩ ሁሉም ጆሮውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ስለ ጳጳሱ ቤተሰብ ግን ያነሡት ጥቂት ነው፤ ለምሳሌ በማልታ የተወለደችው ልጃቸው ዶራ ራፓርድ በጀርመንኛ መዝሙሮቿ የታወቀች መሆኗን፣ የወንድማቸው ልጅ አልበርት ጎባት የ1902ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተጋሩት አንዱ መሆኑን ከሌላ ጎብኚ ነው የሰማሁት።

አገልግሎቱን በሚመለከት፣ አስጎብኚው ሰዓት አክባሪ፣ ድምፃቸው የሚሰማና ለአረጋውያን የሚጠነቀቁ ናቸው። ከጽዮን በር ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወርደው መንገድ ደረጃና ተዳፋት ስላለበት ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ይከብዳል፤ በመካከሉ እንድናርፍ ቦታ ፈልገውልናል። ወደ መካነ መቃብሩ የሚገባው በኮሌጁ ግቢ በኩል በመሆኑ ብቻውን ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቁ ይመረጣል። የሚሸጡት አጭር መግለጫ ወረቀት ግን ከማብራሪያው የባሰ ነው፤ ኢትዮጵያ የሚል ቃል ፈልጌ አላገኘሁበትም፤ ገንዘቡን ባያወጡበት ይሻላል።

የኢየሩሳሌምን የፕሮቴስታንት ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ጉብኝቱ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም። ለኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ግን የምመክረው በቡድን ሆኖ ሲመዘገብ ሁለት ነገር አስቀድሞ እንዲጠይቅ ነው፤ አንደኛ የጎንደሩና የጋፋቱ ታሪክ በማብራሪያው እንዲገባ፣ ሁለተኛ ጉዞው በዴር ሱልጣን በኩል እንዲያልፍ። ይህን ጥያቄ በጉብኝቱ ማብቂያ ለአስጎብኚያችን አቅርቤ የጎባትን ማስታወሻ እንዲያነቡ ነግሬያቸው ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱን በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል። እናታችንም አጠገባቸው ቆመው «የደብረ ዳሞውንም ይጻፉት በላቸው» አሉኝ።